የመኪና አምድ፦ አዲስ ዲስክ ተገጥሞ መሪው ለምን እንደገና ይንቀጠቀጣል?

ስለ ፍሬን ዲስክ ከደረሱን ደብዳቤዎች ለዚህ እትም ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የብዙ አንባቢያን ጥያቄ በመሆኑና ሰፋ ያለ መልስ ስለሚያሻው አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሲሆን የማሽከረክረው በአውሮፓ አቆጣጠር የ2009 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ነው። ባለፈው ዓመት በፈጣኑ መንገድ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ የፊት ሁለቱን ዲስኮችና ፓዶቹን አስቀየርኩ። ሦስት ወር ያህል ምንም አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጋራዡም ‹ዲስኩ ጠሟል፣ እንደገና መቀየር አለበት› ብሎ ሌላ ሂሳብ ጠየቀኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ይህ ሥራ እቤት የሚሠራ ነው፣ በራሳችን እንቀይረው› ይለኛል። ሙያው የሌለው ሰው በእርግጥ ሊሠራው ይችላልን? ቢቻልስ ሁለተኛ እንዳይጠም ምን ማድረግ ይገባኛል?»

መልስ፦ ወንድምዎ እውነታቸውን ነው፤ መፍቻ መያዝ የለመደና የማይቸኩል ሰው የፊት ዲስክ እቤቱ ሊቀይር ይችላል። ነገር ግን ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት «ጠሟል» በሚለው ቃል ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ቃል አምነው ከተቀበሉ ወንድምዎና እርስዎ የምትገጥሙት ዲስክም ከሦስት ወር በኋላ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

የፍሬን ዲስክ፣ በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችን ሮተር የሚሉት፣ መካኒኮች ጊዛ ከሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈሰው ብረት የሚሠራ ወፍራም ክብ ነው። በከተማ መንገድ ላይ የሚነዳ መኪና ይህን ብረት እንደ ቆርቆሮ የሚያጣምም ሙቀት የሚያገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በእርስዎ መኪና ላይ የሆነው ሌላ ነገር እንደሆነ የሚመሰክረው ራሱ ሦስት ወር የሚለው ጊዜ ነው። ዲስኩ ከሱቅ ሲመጣ ጠማማ ቢሆን ኖሮ መሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደህና ሆኖ ከርሞ ቀስ በቀስ መመለሱ ግን ችግሩ ከአገጣጠሙ መጀመሩንና ዲስኩም በጉዞ ብዛት መበላሸቱን ያሳያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ የሚቀመጠው ጎማውን ይዞ በሚሽከረከረው ሞዞ ፊት ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የዚህ ሞዞ ፊት ይዝጋል፤ ዝገቱም እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይቆማል። አሮጌው ዲስክ ወጥቶ አዲሱ በዚህ ቅርፊት ላይ ሲገጠም በአንድ በኩል በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሞዞው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ዲስኩ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ሞዞው ላይ ያለች 0.05 ሚሊ ሜትር ቅርፊት በዲስኩ ጠርዝ ላይ እጥፍ ሆና ትታያለች። ጎማው ሲዞር ዲስኩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ይህ ውዝዋዜ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.05 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ የሚፈለግ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት የሚያንስ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ውዝዋዜ አይታወቅዎትም፤ ፓዶቹን ይዞ በፒስተን ዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ካሊፐር በፒኖቹ ላይ ስለሚንሸራተት ተከትሎት ይሄዳል። ፍሬን ሳይያዝ በሚነዱበት ሰዓት ግን ዲስኩ ወጣ ያለበት ቦታ በእያንዳንዱ ዙር ፓዱን እየነካ ያልፋል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይሳሳል፤ በአንዳንድ ፓዶች ደግሞ የፓዱ ዱቄት እዚያው ተጣብቆ ቦታውን ያወፍረዋል። በሁለቱም መንገድ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ፍሬን በያዙ ቁጥር ወፍራሙ ቦታ ፒስተኑን ይገፋዋል፣ ስሱ ቦታ ይለቀዋል፤ ጎማው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 13 ወይም 14 ጊዜ ስለሚዞር ይህ መግፋትና መልቀቅ ወደ እጅዎ የሚደርሰው እንደ መንቀጥቀጥ ሆኖ ነው። ጋራዡ «ጠሟል» ያለው ይህንን ነው። ዲስኩ መቀየር እንዳለበት ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ካልተነካ ግን የሚቀጥለውም እንደዚሁ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት የጎማ ዳዶዎች አጠባበቅ ነው። በአየር በሚሠራ መፍቻ አንዱ ዳዶ ከመጠን በላይ፣ ሌላው በመጠኑ ሲጠብቅ ቸርኬው ዲስኩን ሞዞው ላይ ባልተስተካከለ ኃይል ስለሚጫነው ዲስኩ ይወላገዳል። እኔ በዚህ ሙያ በጀመርኩባቸው ዓመታት ሞዞ ሳልጠርግ ዲስክ እየገጠምኩ፣ ዳዶውንም በጉልበቴ እያጠበቅኩ ስንት ደንበኛ እንደመለስኩ አስታውሳለሁ፤ በየጊዜው ጥፋቱን የምጥለው በዲስኩ አምራች ላይ ነበር። አንድ ቀን የመደወያ መለኪያ (ጥቃቅን ውዝዋዜን በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ) ተውሼ በሞዞው ላይ ሳስቀምጠው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ። ለዚህ ነው በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምጽፈው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አስቀድሞ ግን የፍሬን ፔዳሉ የሚለሰልስ ወይም ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ፣ ከጎማው ውስጠኛ ጎን ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ወይም የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ የሚቆይ ከሆነ ይህ የዲስክ ጉዳይ ስላልሆነ ለባለሙያ ይስጡት።

ቦታው ደልዳላ ኮንክሪት ይሁን። በአፓርታማ የሚኖሩ ከሆነ ብዙ የሕንፃ አስተዳደሮች በመኪና ማቆሚያቸው ውስጥ ጥገና ስለሚከለክሉ አስቀድመው ይጠይቁ። አስፋልት ላይ መሥራት ግድ ከሆነ በበጋ ሙቀት አስፋልቱ ስለሚለሰልስ ከመደገፊያው ሥር ወፍራም ጣውላ ያድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በኩል ያስደግፉ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ የጎማ ዳዶዎቹን ሩብ ዙር ያህል ያላሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መኪናውን በክሪክ ያንሱ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በአምራቹ በተመለከተው ቦታ ላይ ጃክ ስታንድ የሚባለውን መደገፊያ አስገብተው፣ መኪናውን በላዩ አሳርፈው፣ በእጅዎ ገፋ ገፋ አድርገው መቆሙን ሳያረጋግጡ እጅዎንም ቢሆን ከሥሩ አያስገቡ። ይህ ከጽሑፉ ሁሉ በላይ እንዲያስታውሱት የምፈልገው ነው፤ ዲስክ በተሳሳተ መንገድ ቢገጠም መሪ ይንቀጠቀጣል፣ ክሪክ ቢንሸራተት ግን ሰው ይሞታል።

ዲስክ ሁልጊዜ በአንድ አክስል በግራም በቀኝም ይቀየራል፤ ከአዲስ ዲስክ ጋርም አዲስ ፓድ ይገባል። አሮጌ ፓድ የአሮጌውን ዲስክ ጉድጓድና ጉብታ ይዞ ስለሚቀር አዲሱን ዲስክ ገና ከመነሻው ያበላሸዋል። አዲሱ ዲስክ በመጋዘን እንዳይዝግ በዘይት ተቀብቶ ከሆነ የሚመጣው፣ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽና በንጹሕ ጨርቅ ሁለቱንም ገጽ ይጥረጉ። የፓዱን ትቢያ በአየር አይንፉት፤ ትቢያው ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በማጽጃው አርጥበው በጨርቅ ያንሱት፣ ጭምብልም ያድርጉ። አውቶዞንን የመሰሉ የአሜሪካ የመለዋወጫ መደብሮች ቶርክ መፍቻ (ብሎን በተለካ ኃይል ለማጥበቅ የሚያገለግል መፍቻ) እና ፒስተን መግፊያ በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ፤ ዕቃውን ሲመልሱ ገንዘቡ ስለሚመለስልዎ መግዛት አያስፈልግዎትም።

ጎማው ከወጣ በኋላ ካሊፐሩን ይዘው የሚገኙት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ፤ በቶዮታ ብዙውን ጊዜ 14 ቁጥር መፍቻ ይወስዳሉ። ከእነርሱ ኋላ ደግሞ የካሊፐሩን መያዣ ከመሪው ክንድ ጋር የሚያስሩ ሁለት ትላልቅ ብሎኖች አሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው 17 ቁጥር ናቸው። ዲስኩን ለማውጣት ሁለቱም መፈታት አለባቸው። ካሊፐሩን በፍሬን ቱቦው ላይ ፈጽሞ አያንጠልጥሉት፤ በሽቦ ከሱስታው ጋር ይሰሩት። ቱቦው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያም የሚታወቀው ሌላ ቀን መንገድ ላይ ነው።

አሮጌው ዲስክ ሞዞው ላይ ተጣብቆ እንቢ ሊል ይችላል፤ በጨው አገር ይህ የተለመደ ነው። መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት የዲስኩን ማዕከላዊ ክፍል ይመልከቱ፤ በአብዛኞቹ የቶዮታ ዲስኮች ላይ ጥርስ የተቀረጸባቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ውፍረታቸው 8 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሳቸው ርቀት 1.25 የሆኑ ሁለት ብሎኖች በእነዚህ ውስጥ አስገብተው ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ሲያጠብቁ ዲስኩ ራሱ ሞዞውን እየገፋ ይወጣል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀድሞ ጠብ ተደርጎ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ሥራው ይቀላል። ዲስኩ የሚጣል ስለሆነ በመዶሻ መምታትም ይቻላል፤ ግን በየቦታው እየተዞረ እንጂ አንድ ቦታ ላይ አይሁን፣ ምቱ የጎማውን ኩሺኔታ ሊጎዳ ይችላልና።

እዚህ ላይ ነው የእርስዎ ሥራ ከጋራዡ ሥራ የሚለየው። ባዶውን ሞዞ በብርሃን ይመልከቱት። ቡናማ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ይጥረጉ፤ በተለይ በጎማ ብሎኖቹ ሥር፣ ብሩሽ የማይደርስበት፣ የቀለበት ቅርጽ ያለው ዝገት ይቀራል፣ እርሱን ለማውጣት ጊዜ ይውሰዱ። ሲጨርሱ ጣትዎን በሞዞው ፊት ላይ ያሂዱ፤ ጣት የሚይዘው ነገር ካለ ዲስኩም ይይዘዋል። የቸርኬውን ውስጠኛ ገጽ እንዲሁ ይጥረጉ፤ እርሱም ዲስኩን የሚጫን ስለሆነ በላዩ ያለ ቆሻሻ ያንኑ ጉዳት ያመጣል። በአንድ ጎማ ላይ ለዚህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም። በሂሳብ የሚሠራ ጋራዥ ይህን ደቂቃ የሚዘልለው የሥራው ዋጋ በሰዓት ስለሚቆጠርበት ነው፤ እርስዎ ግን በራስዎ ጊዜ ነው የሚሠሩት።

አዲሱን ዲስክ ሲያስገቡ በሦስት ዳዶ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። የመደወያ መለኪያ ማግኘት ከቻሉ ጫፉን ከዲስኩ ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስደግፈው ዲስኩን አንድ ዙር ያዙሩት። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ካነበበ ዲስኩን አውጥተው አንድ ቀዳዳ አሸጋግረው ይግጠሙና እንደገና ይለኩ፤ አምስት ብሎን ባለው ሞዞ ላይ አምስት አቀማመጦች ስላሉ ከመካከላቸው የተሻለው ይመረጣል። ምንም ዓይነት አቀማመጥ ካላስተካከለው ሞዞው ወይም ኩሺኔታው ራሱ ተጎድቷል ማለት ነው።

ካሊፐሩን ከመመለስዎ በፊት የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች መዝዘው ይጥረጉ። በእጅ ሲገፉ ያለ ችግር መግባትና መውጣት አለባቸው። የያዘ ፒን ካለ የውስጠኛው ፓድ ከውጪኛው ይልቅ ቶሎ እንዳለቀ ከአሮጌዎቹ ፓዶች ውፍረት ይረዳሉ። ፒኖቹ የሚቀቡት ለፍሬን ተብሎ የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ ተራ የኩሺኔታ ግራሶ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። ፒስተኑን ለመግፋት የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተው ደረጃውን ይመልከቱ፤ ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ ሞልቶ የነበረ ከሆነ ፈስሶ የመኪናውን ቀለም ይበላል። አሮጌውን ፓድ ፒስተኑ ላይ አድርገው በሞርሳ ቀስ እያሉ ይግፉ። ዘይት መጨመር ካስፈለገ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ካምሪ ዶት 3 የሚባለውን ይወስዳል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት አንዲት ጠብታ እንኳ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ሁሉ ስለሚያበላሽ በማደናገር እንዳይጨመር ይጠንቀቁ።

የካሊፐሩ መያዣ ብሎኖች በእርስዎ ዓይነት ካምሪ 107 ኒውተን ሜትር (79 ፉት ፓውንድ)፣ የካሊፐሩ ትናንሽ ብሎኖች 34 ኒውተን ሜትር (25 ፉት ፓውንድ)፣ የጎማ ዳዶዎቹ ደግሞ 103 ኒውተን ሜትር (76 ፉት ፓውንድ) ይጠብቃሉ፤ የመኪናዎን መመሪያ አይተው ማመሳከር ግን ከማንም ጽሑፍ ይበልጣል። የጎማ ዳዶዎቹን በተርታ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየዘለሉ፣ በመጀመሪያ በግማሽ ኃይል፣ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በሙሉው ኃይል ያጥብቋቸው። በብሎኖቹ ጥርስ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡ፤ የተቀባ ጥርስ በቶርክ መፍቻው ልክ ሲጠብቅ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ እንደገና በቶርክ መፍቻ ይፈትሿቸው። ለወደፊቱም ጎማ በሚያስቀይሩበት ቦታ ሁሉ ዳዶው በእጅ መፍቻ በልክ እንዲጠብቅልዎ ይጠይቁ፤ አንድ የጎማ ሠራተኛ በአየር መፍቻ ባጠፋው አንድ ደቂቃ ይህ ሁሉ ድካም ሊበላሽ ይችላል።

ሞተሩን አስነስተው ማርሽ ከማስገባትዎ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ተገፍተው ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ይህን የረሳ ሰው ከቤቱ በር ሲወጣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰምጦ መኪናው ሳይቆምለት ይቀራል። ፔዳሉ ጠንክሮ ከቆመ በኋላ የዘይቱን ደረጃ ያስተካክሉ።

የመጨረሻው ሥራ ፓዱንና ዲስኩን ማላመድ ነው። መኪና በማይበዛበት መንገድ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር (ከ35 እስከ 40 ማይል ገደማ) ጀምሮ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ መካከለኛ በሆነ ርግጫ ያቀዝቅዙ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይቁሙ። በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል እየነዱ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነድተው ያቀዝቅዙት። በዚህ ሂደት ቀጭንና እኩል የሆነ የፓድ ሽፋን በዲስኩ ላይ ያርፋል። የፓዱ አምራች በሳጥኑ ላይ የተለየ ትእዛዝ ጽፎ ከሆነ እርሱን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ በሥራዬ ምክንያት በወር ሁለት ጊዜ ኮምቦልቻ ደርሼ እመለሳለሁ። ጣርማ በርን ወርጄ ደብረ ሲና ስደርስ ፍሬኔ ይሸታል፤ በቅርቡ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። መካኒኬ ዲስኩን አውጥተን ቶርኖ ቤት እናስላገው ይላል። አዲስ መግዛት ይሻላል ወይስ ማስላግ?»

መልስ፦ ማስላግ የሚፈቀደው ከተላገ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ከዝቅተኛው ልክ በላይ ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ልክ በዲስኩ ማዕከላዊ ክፍል ወይም በጠርዙ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ ዲስክዎ ላይ የተቀረጸው 26 ሚሊ ሜትር ቢሆንና አሁን ያለው 26.6 ቢሆን፣ ቶርኖው ከእያንዳንዱ ገጽ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲያነሳ ዲስኩ ገና ሳይነዳ አልቋል ማለት ነው። ሲለኩ ደግሞ የሚለካው ፓዱ የሚያርፍበት ቦታ እንጂ ጠርዙ አይደለም፤ በጠርዙ ላይ ፓድ የማይነካው ከፍ ያለ ከንፈር ስለሚቀር ተራ መለኪያ ዲስኩን ወፍራም አስመስሎ ያነብባል። በማይክሮሜትር ስምንት ቦታ ላይ መለካት ትክክለኛውን ውፍረትም፣ የውፍረቱን መለያየትም በአንድ ጊዜ ያሳይዎታል።

ሳስቶ የተላገ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንስ ለእርስዎ መንገድ አይመጥንም። ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ አየር የሚለቅቀውም ይኸው ብረት ነው። በጣርማ በር ወይም በአባይ በረሃ ዓይነት ቁልቁለት ለሚመላለስ ሰው የእኔ ምክር፣ ዲስኩ ከአዲስ ውፍረቱ እምብዛም ካልራቀ ያስልጉ፣ ወደ ዝቅተኛው ልክ ከተጠጋ ግን ይቀይሩ የሚል ነው። የቶርኖ ባለሙያውም ዲስኩን ወደ መሣሪያው ሲያስር ማሰሪያውና የዲስኩ ውስጠኛ ገጽ ከዝገት የጸዱ መሆናቸውን ይጠይቁት፤ ያለዚያ ዲስኩ ቶርኖው ላይ ቀጥ ብሎ ሞዞው ላይ ጠማማ ይሆናል። ለሲልቨር ስፕሪንጉ አንባቢ ስለ ሞዞ የጻፍኩት ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል።

የሽታው ምክንያት ግን ዲስኩ ሳይሆን አወራረድዎ ይመስለኛል። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ ይመለሱ፤ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ልማድ ትክክል ነው። እግርዎን ሳያነሱ ለረጅም ጊዜ ፍሬኑን ከመያዝ ይልቅ ፍጥነቱ ከፍ ሲል ጠንከር አድርገው ይርገጡና ይልቀቁት፤ በመካከሉ ዲስኩ አየር ያገኛል። ታች ሲደርሱ ፍሬኑ የጋለ ከሆነ ፔዳሉን ረግጠው አይቁሙ፣ ምክንያቱም ፓዱ በጋለው ዲስክ አንድ ቦታ ላይ ቅርጹን ያትምና መንቀጥቀጡ ከዚያ ይጀምራል። ጎማ ላይ ውኃ ማፍሰስም ጊዛው እንዲሰነጠቅ ያደርጋል። የፍሬን ዘይትዎ ስንት ዓመት እንደቆየ ደግሞ ይጠይቁ፤ ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ አቅሙ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ በቁልቁለቱ መካከል ባዶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ገና ብዙ ሳልነዳው ዲስኮቹ ዝገው አየኋቸው። የዕቃው ጥራት ነው? እንደ ድሮ መኪናዬ እቤት ልቀይራቸው እችላለሁ?»

መልስ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። የጥራት ጉድለት ላይሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና እግርዎን ከማፍጠኛው ሲያነሱ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ያቀዘቅዘዋል፤ ዲስኩና ፓዱ የሚነካኩት አልፎ አልፎ ስለሆነ በክረምቱ ዝናብ የሚመጣው ዝገት የሚፋቅበት አጋጣሚ አያገኝም። ቮልስዋገን አይዲ 4 የተባለው መኪና ከኋላ ዲስክ ሳይሆን እንደ ጥንቱ ታምቡር እንዲኖረው የተደረገው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታምቡር የተሸፈነ ስለሆነ ዝገት ያን ያህል አይደርስበትም።

በስሱ ያረፈ ቡናማ ዝገት ጥቂት ጊዜ ጠንከር ብሎ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። መኪናው የሚፈቅድልዎ ከሆነ በማዘዣው ላይ ኃይል የመመለሻውን፣ ማለትም ሞተሩ መኪናውን የሚያቀዘቅዝበትን፣ ደረጃ ዝቅ አድርገው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከኋላዎ መኪና በሌለበት መንገድ ፍሬኑን አሠሩት። ዝገቱ ጉድጓድ ሠርቶ ከሆነ፣ ወይም የዲስኩ ገጽ ግማሹ አብርቶ ግማሹ ቡናማ ሆኖ ከቀረ ዲስኩ መቀየር አለበት፤ የካሊፐሩ ፒኖችም ባለመሥራት ይዘው ሊሆኑ ስለሚችሉ አብረው ይፈተሹ።

እቤት ስለመቀየሩ፣ የፊት ዲስክ አሠራሩ ከላይ ከጻፍኩት አይለይም። የኋላው ግን የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ፒስተኑን ከመግፋትዎ በፊት መኪናው ወደ ጥገና ሁኔታ እንዲገባ መደረግ አለበት፤ በጉልበት ከተገፋ በካሊፐሩ ላይ ያለው ትንሽ ሞተር ይሰበራል። ክሪኩን የሚያስገቡበትን ቦታም ከመመሪያው ላይ በትክክል ለይተው ይወቁ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ወለሉን በሙሉ ስለሚሸፍን፣ በድሮ መኪናዎ እንደለመዱት በግምት መሐል አካባቢ የገባ ክሪክ የባትሪውን ሳጥን ሊጎዳው ይችላል።